ቢበላም የማይጠጋው

ልብስ ሰፊው በአራት ዓመት ውስጥ የገዛ ሱሪውን ወገብ አምስት ጊዜ አጠበበ። አይበላም እንዳይባል ይበላል፤ ያውም ለሁለት ሰው የሚበቃ። ግን ሥጋ አይጠጋውም። ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እግሩ ያብጣል፤ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቁጭ ይላል።

ሚስቱ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሃያ ክፍል ጠርጋ ትመለስና ደግሞ ለሱ ትቀቅላለች፣ አንሶላ ታጥባለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም የሷ ጆሮ አንድም ሐሜት አላመለጠውም። ጎረቤቶቿ «ምግብ ትደብቅበታለች» ይሏታል። የባሰችው ደግሞ የባሏ ታላቅ እህት ነበረች። እሑድ እሑድ ትመጣና የድስቱን ክዳን ገልጣ ሳታይ አትቀመጥም።

«ወንድሜን እንዲህ አመድ ያስመሰለው ምንድን ነው? እናታችን ቤት እያለ እኮ ኮርማ ነበር!»

«እትዬ፣ እሱን ራሱን ይጠይቁት» ትላለች ሚስት። ለመጣላትም ጉልበት ያስፈልጋል።

ያልረገጡት ክሊኒክ አልነበረም። አንዱ ጨጓራ ነው አለ፤ ሌላው ጭንቀት ነው፣ ዘና በል ብሎ ሸኘው። የትል መድኃኒት ሦስት ጊዜ ዋጠ። «ትል ቢኖርማ እሱ እንኳ ይወፍር ነበር» እያለ ባል ይቀልዳል፤ እሷ ግን መሳቅ ካቆመች ቆይታለች።

በመጨረሻ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሐኪም የተከመረውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበች። «ምግቡ ይገባል፤ አንጀቱ ግን አይቀበለውም። ለምን እንደሆነ ደሙንና ሰገራውን እንጠይቅ» ብላ ወደ ላቦራቶሪ ላከቻቸው።

ናሙናውን የተቀበለው ባለሙያ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ጎልማሳ ነበር። «ይሄ ማሽን ፕሮቲኖቹን አንድ በአንድ ይለያል» አላት ሚስትየዋን። «የትኛው በዛ፣ የትኛው ጎደለ የሚለውን ከጤነኛና ከታማሚ ሰው ጋር እናስተያያለን። እያንዳንዱ የአንጀት በሽታ የራሱ አሻራ አለው።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አሥር ቀን።»

አራት ዓመት ለጠበቀች አሥር ቀን ምኗ ነው? አግዳሚው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት፤ በሽተኛው ባሏ ቀስቅሶ ወደ ቤት ወሰዳት።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀመጠቻቸው። ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን ከደሙ ጎድሏል፤ ሰገራው ውስጥ ደግሞ እዚያ መገኘት የሌለበት ሞልቷል። ስንዴን እንደ ጠላት የሚዋጉ ፕሮቲኖችም ከልክ በላይ በዝተዋል። «ይሄ ጥቆማ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም» አለችና በካሜራ እንዲታይ አዘዘች። በጉሮሮው ቱቦ ገባ፣ ከአንጀቱ ቅንጣት ሥጋ ተወሰደ፤ ጥቆማው እውነት ሆነ። የስንዴ ነገር ሁሉ ለሱ መርዝ ነበር። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ገብስም ጭምር ተከለከለ።

ሚስት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እንዲጠነክርልኝ ብዬ ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምጨምርለት እኔ ነኛ!»

«ማንም አላወቀም፤ እኛም አላወቅንም» አለች ሐኪሟ። «እርስዎ ባይጎተጉቱ እስከ ዛሬም አይታወቅም ነበር።»

ሦስት ወር ሆነው። ልብስ ሰፊው አራት ኪሎ ጨመረ፤ ደረጃውንም ሳያርፍ ይወጣል። ሚስት ግን ድካሙ ገና ከአጥንቷ አልወጣም። እሑድ የባሏ እህት መጣች። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። ድምፅዋን ግን ዝቅ አደረገች።

«ዳቦ ስበላ እኔም እኮ ሆዴ ይነፋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።»

ሐኪሟ በሽታው በዘር እንደሚሄድ፣ ዘመድም ቢመረመር እንደሚበጅ ተናግራ ነበር። ሚስት ያቺን ሴት አየቻት፤ እጇ ቀጥኗል፣ ፊቷ ገርጥቷል። ሁልጊዜ የምትገልጠውን ድስት እንጂ ሴትዮዋን ራሷን አይታ አታውቅም።

«ነገን እረፍት ወስጄ ነበር» አለች ትንፋሽ ወስዳ። «እሺ፣ እወስድዎታለሁ እትዬ። ግን በጠዋት ይነሱ፤ ወረፋው አይጣል ነው።»

ከዚያም ሚስት፣ ሴትዮዋ ገና ሳትሄድ፣ በቀን በብርሃን፣ ጫማዋን አውልቃ ጋደም አለች።