የእማማ የኔነሽ ሳቅ

እማማ የኔነሽን የሚያናድድ ነገር ብዙ ነው፤ እንደ መዘለል የሚያንገበግባቸው ግን የለም። የዘነበወርቅ ሰፈር የቤት ኅብረት የጸሎት ተራ ሲያወጣ፣ ትናንት ጌታን የተቀበለው ሁሉ ሰዓት ሲደርሰው፣ እሳቸው ተዘለሉ። ያውም እኮ ኅብረቱ የተጀመረው በእሳቸው ምንጣፍ ላይ ነው። ዛሬ አስተባባሪ የሆነው ክብሮም ያኔ አፍንጫውን የሚጠርገው በእሳቸው ነጠላ ነበር።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠብቀው ያዙት።

«አንተ ክብሮም፣ እኔን ማን ገድሎ ቀበረኝ?»

«ኧረ እማማ! ምን ሆኑ?»

«የጸሎት ተራ ወጥቷል አሉ። የእኔስ?»

ክብሮም አንገቱን አከከ። «ተራውም ርዕሱም የሚላከው በቴሌግራም ነው። እርስዎ ደግሞ…»

«እኔ ደግሞ ምን? ጨርሳት እንጂ!»

«ማንበቡ እንዳይከብድዎት ብለን ነው።»

«ጌታ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ንባብ የሚፈትነው? ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄ ጉልበት መንበርከክ ሲጀምር ግን አንተ አልተወለድክም!»

ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸው ጀመር። ክብሮም ከማፈሩ የተነሳ ከዘጠኝ እስከ ዐሥር ያለውን ሰዓት እዚያው ሰጣቸው። ቀን ላይ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሆነ ፈላጊ ያጣ ሰዓት ነበር። እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀበሉት። የልጅ ልጃቸው ማራናታ ደግሞ አዲስ ስትገዛ የተወችውን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አመጣችላቸው። «ይቺን ሲነኩ ርዕሱን በድምፅ ይነግርዎታል» ብላ አሳይታቸው ሄደች።

የሳምንቱ የጸሎት ርዕስ ሌሊሴ ነበረች። ሌሊሴ የሚኒባስ ሾፌሩ የኤባ ሚስት ናት፤ ከእማማ ጋር አንድ ግቢ ይኖራሉ፤ ክፍላቸውን የሚለየው የችፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። ሐኪሙ ግን ልጁ ሆዷ ውስጥ አግድም ተኝቷል፣ ዓርብ እንየውና ካልዞረ በቀዶ ጥገና ነው ብሏታል። ይሄን ከሰማች ወዲህ እህል አልወርድ ብሏታል።

ሰኞ ዕለት የእማማን እጅ ይዛ፣ «እርስዎ በሚጸልዩበት ሰዓት እኔም ከግድግዳው ወዲያ ሆዴን ይዤ እቀመጣለሁ። አብረን እንሆናለን፣ እሺ እማማ?» አለቻቸው።

«ተቀመጪ ልጄ። እኔ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም።»

ሰዓቱ ሲደርስ ተንበረከኩ። ስልኩን አልጋው ላይ አድርገው ርዕሱን አዳመጡ። አጠፋዋለሁ ብለው ሲነካኩት አንድ ሰባኪ ብቅ አለ። ማራናታ ሳታጠፋው የተወችው ቲክቶክ ነበር። «ቃል አይደል? ለአፍታ ልስማው» አሉ። ሰባኪው ሲያበቃ ዘማሪ መጣ። ከዘማሪው ቀጥሎ ሽንኩርት ሳያለቅሱ መክተፊያ ዘዴ መጣ፤ እሱም ቢሆን ለቤት ይጠቅማል። ከሽንኩርቱ ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ሲሰዳደቡ መጡ። ስድባቸው ውሃ ውሃ ስላላቸው እማማ ከአልጋው ሥር ሆነው አርመው ሰጧቸው። ቀና ሲሉ ሰዓቱ አልፏል።

«ነገ እክሰዋለሁ» አሉ።

ማክሰኞም «ነገ» አሉ። ረቡዕ ፍየሉ መጣ።

ስልኩ ላይ የሚታየው ሠርግ ቤት ነው። ሱፍ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ ስለ ትዳር ሲመክር፣ ሲመክር፣ ሙሽሮቹ ቆመው ሊያንቀላፉ ሲደርሱ፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ፍየል ከኋላው ተንደርድሮ መቀመጫውን በቀንዱ አለውና ፊቱን ኬኩ ውስጥ ተከለው። እማማ አልቻሉም። እንባቸው እስኪወርድ፣ አልጋውን በመዳፋቸው እየደበደቡ ሳቁ። ፍየሉ ደገመው፤ እሳቸውም ደገሙት። «ኧረ ጌታዬ! ኧረ ጌታዬ ገደልከኝ!»

በማግስቱ ከሰዓት ሌሊሴ ፊቷ እንደ ጧፍ በርቶ መጣች። ከኋላዋ ክብሮም ነበር።

«እማማ፣ ሰማሁ እኮ!»

እማማ ክው አሉ። «ምን ሰማሽ?»

«ትናንት በሰዓትዎ ያን ሁሉ ሳቅ! መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። ‹ኧረ ጌታዬ› ሲሉ ግን ገባኝ፤ ለካ በመንፈስ ነው የሚስቁት! መልሴ መጥቷል ማለት ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ ወሰደኝ። ልጁ ዞሯል እማማ! ነገ ሆስፒታል ምን አደርጋለሁ? አልሄድም።»

«ግሩፑ ላይ ጽፋው ሁሉም አሜን ብሏል» አለ ክብሮም። አንገቱን ደፋ። «እማማ፣ ተጠራጥሬዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። እሑድ መድረክ ላይ ወጥተው ይመስክሩልን።»

መድረክ! እማማ የኔነሽ ዕድሜ ልካቸውን ወንበር ሲደረድሩ እንጂ ማይክ ሲሰጣቸው አያውቁም። ዝም ቢሉስ? ማን ያውቃል? ፍየሉ መጥቶ አይመሰክር። ነገር ግን ሌሊሴን አዩ። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ከሳቸው ሳቅ ሌላ ምንም ማስረጃ ሳትይዝ ቆማለች።

«ተቀመጪ ሌሊሴ። አንተም ተቀመጥ፤ እንደ ስልክ እንጨት አትገተር» አሉ። «ፍየል ነው።»

«ምኑ?»

«ያሳቀኝ ነዋ! መንፈስ አይደለም፣ ፍየል ነው።»

ስልኩን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጧቸው። ፍየሉ ተንደረደረ፣ ሰውዬው ኬክ ውስጥ ገባ። ክብሮም ከንፈሩን ነከሰ። የሌሊሴ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ግን ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሰኞስ? ማክሰኞስ?»

«ሰኞ ሽንኩርት ነበር። የማክሰኞውን ተዪው።»

«ታዲያ ማንም አልጸለየልኝም?»

እማማ ወደ ክብሮም ዞሩ። «መልስላት እንጂ። አንተስ በሰዓትህ ምን ትሠራለህ?»

ክብሮም ፊቱ ቀላ። «እኔማ… ተራ ለደረሳቸው ማስታወሻ እልካለሁ። ደግሞ አሜን ያለውንና ያላለውን አያለሁ። ከዚያ… ሰዓቱ ያልቃል።»

«አየሽ! እኔን ፍየል፣ እሱን አሜን በላን።»

ስልኩ በራሱ ጊዜ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ጀመረ። ሰውዬው ስለ ትዳር መከረ፤ ፍየሉ ተንደረደረ። የሌሊሴ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ልታለቅስ ነው ሲሉ ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ ሆዷን ደግፋ «ወይኔ! አታስቁኝ፣ ያመኛል!» እያለች ሳቀች። ክብሮምም ለቀቀው። እማማ ብቻ አልሳቁም።

«ሳቁን ጨርሺና ስሚኝ» አሉ። «ነገ ሆስፒታል ትሄጃለሽ። ዞረም አልዞረም ትሄጃለሽ፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ሰዓቴ ደርሷል። ክብሮም፣ ስልክህን ወዲህ በል!»

«እማማ፣ ድምፁን ላጥፋው እንጂ…»

«ወዲህ በል አልኩህ!»

ሁለቱንም ስልክ አጠፏቸውና ደጅ ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ወስደው ጣሏቸው። «አይዞህ፣ ደረቅ ነው» አሉት በዓይኑ ሲከተል አይተው። ሌሊሴን አልጋቸው ላይ አስቀመጧት። ክብሮምን በአጠገባቸው አንበረከኩት። የቀኝ እጃቸውን ሌሊሴ ሆድ ላይ ሲያደርጉ ልጁ ከውስጥ ገፋቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጌታ ሆይ» አሉ፣ ድምፃቸው ግቢው ውስጥ እየተሰማ። «ሰሞኑን ደጅህ እየመጣሁ ጀርባዬን ሰጥቼህ ፍየል ሳይ ሰነበትኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልትቆጣም ከሆነ እኔን ተቆጣ፤ ቁጣ ለምጃለሁ። ይቺ ልጅ ግን ከግድግዳው ወዲያ ሆዷን ይዛ አንተን ብላ ነው የተቀመጠችው። በእኔ ስንፍና እሷን አታስጠብቅ። ነገ የሐኪሙን እጅ ያዝ። ዛሬ ደግሞ፣ እዚህ ከእጄ ሥር የተኛውን ልጅ ያዘውና አዙረው። ሰምተኸኛል? አዙረው!»