ማንም ያልተናገረበት ቦታ

ስቱዲዮ ውስጥ "ጆሮ" ነው የሚሏት። ስም አውጪ አይጥፋ እንጂ፣ እውነታቸውን ነው። አንዱ እንግዳ ማይኩን ሊውጠው ደርሶ ይጮሃል፤ ሌላው አገጩን ደረቱ ላይ ደፍቶ ለራሱ ያወራል። እሷ የጯሂውን ዝቅ፣ የዓይን አፋሩን ከፍ ታደርግና አድማጭ ሬዲዮውን ሳይነካ ሁለቱንም እኩል ይሰማል።

እንግዲህ ታላቅ እህቷ መቅረጫ ይዛ ብትመጣባት ምን ይገርማል?

"የእማ ምርቃት ነው" አለቻት እትዬ። "ልትሞት ሰሞን የቀረጽኩት። እሁድ ዘመድ እኔ ቤት ተሰብስቦ ሊሰማው ነው። የኔ ድምፅ ጆሮ ይበጥሳል፣ የእሷ ጭራሽ አይሰማም። እስቲ እኩል አድርጊልኝ፣ በሞቴ።"

ጆሮ መቅረጫውን ተቀበለች። ምርቃት! ለእሷ ከእናቷ የደረሳት ሌላ ነበር። ባሏን የፈታች ጊዜ ከእናቷ ጋር ክፉ ተነጋግረው ተኳረፉ። እናት አልጋ ስትይዝ እትዬ ደወለችና "አትምጪ፤ ፊቷን አታሳዩኝ ብላለች። ብታይሽ ይብስባታል" አለቻት። ይህን እየሰማች እንዴት ትሂድ? እናቷም እንደተኳረፉ ሞተች። ቀብር ላይ ዘመድ ሁሉ ፊቱን አዞረባት። አክስቷማ "ሥራሽ አለቀልሽ?" አለቻት። ያኔ ነገሩ አልገባትም፤ ሐዘን ያናገራት መሰላት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ረግማኝ ሞተች እያለች አንገቷን ደፍታ ነው የኖረችው።

ምርቃቱን አዳመጠችው። እናቷ የእትዬን ልጆች አንድ በአንድ መረቀች። የእሷ ስም አልተነሳም። ዋጥ አድርጋ ሥራዋን ጀመረች።

በዚህ ሙያ አስቀድሞ የሚፈለገው ማንም ያልተናገረበት ቦታ ነው። የክፍሉን የራሱን ድምፅ፣ የማቀዝቀዣውን እምምታ፣ የመንገዱን ጫጫታ ከዚያ ለይተው ያውቁታል። አለዚያ የደከመውን ድምፅ ከፍ ሲያደርጉት ጫጫታውም አብሮ ይነሳል። እትዬ "አሜን" ብላ ከጨረሰች በኋላ መቅረጫው ሳይጠፋ ረጅም ዝምታ ተከትሏል። እሰይ፣ አለች ጆሮ። ዝምታውን ለይታ እስከ ጥጉ ከፍ አደረገችው።

የወንበር መንቋቋት ሰማች። ቀጥሎ የእናቷን ድምፅ።

"ትንሿ መጣች?"

ሄድፎኑን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫነችው።

"ደውዬላት ነበር እኮ እማ። ሥራ በዝቶብኛል አለች" የእትዬ ድምፅ ነው፤ ከመቅረጫው ርቃ፣ በሹክሹክታ።

"ደግመሽ ደውይላት፣ አፈር ስሆን። ይቅር ብያታለሁ በያት። አንድ ጊዜ ትምጣልኝ።"

"እሺ።"

እርምጃ ተሰማ። በር ተከፈተ። ከዚያ ከኮሪደሩ፣ ከሩቅ፣ ጆሮ ቃል በቃል የምታውቀው ንግግር መጣ። "አትምጪ፤ ፊቷን አታሳዩኝ ብላለች።"

ወይ እህት! ወይ የአንድ እናት ልጅ! ጆሮ የምታደርገው ጠፋት። መልሳ ሰማችው፤ ደግማ ሰማችው። እናቷ "ትምጣልኝ" ባለች ቁጥር "መጣሁ እማ" እያለች ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

እትዬ በማግስቱ ፈገግ ብላ መጣች። "አለቀ የኔ ቆንጆ?"

ጆሮ ሄድፎኑን አጠለቀችላትና መጨረሻውን አጫወተችላት። የእትዬ ፊት አመድ መሰለ።

"መቅረጫውን ያጠፋሁት መስሎኝ" አለች። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ይሄ ነው።

"ለምን፣ እትዬ? ምን በደልኩሽ?"

"አልበደልሽኝም።" እትዬ ሄድፎኑን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረችው። "ሦስት ዓመት ሙሉ ያገላበጥኳት እኔ። ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት እኔ። ዓይኗን በገለጠች ቁጥር ግን ትንሿ፣ ትንሿ! አንድ ቀን እንኳ አንቺ ደከመሽ ወይ አላለችኝም። ቆይ ትቅርባት አልኩ። በዚያው ትሞታለች ብዬ መች አሰብኩ?"

ያ ሁሉ ድካም እውነት ነበር፤ ማንም አልካደውም። ግን እኮ እናታቸው ከሞተችም በኋላ እትዬ አፍ ነበራት! ዘመድ ሁሉ ሲያገልላት አጠገቧ ተቀምጣ እንባዋን ስትጠርግላት የነበረች እሷው ናት። በዚያ ላይ "አይዞሽ፣ እናት ብትረግም ከአንገት በላይ ነው" ብላ ታጽናናት ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያቃጠላት ይሄኛው ነው።

"እኩል አድርጌዋለሁ" አለች መቅረጫውን እየመለሰችላት። "ያንቺን ዝቅ፣ የእማን ከፍ። እስከ መጨረሻው።"

እትዬ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። አሁን ልትለው ነው፣ አለች ጆሮ በሆዷ፤ አሁን ይቅርታ ልትለኝ ነው። ብትላትስ ኖሮ እንጃ፣ የእናት ልጅ ናትና ሮጣ ታቅፋት ነበር።

"ሌላ ቅጂ አለሽ?" አለች እትዬ።

"አለኝ" አለች ጆሮ። "እሁድ ይዤው እመጣለሁ። እማ ጠርታኛለች።"