የዐርዋ ቅልጥም

አውቶቡሱ ከባምባሲ አልፎ ብዙም ሳይርቅ ኬላ ላይ በወታደሮች ተያዘ። ወደፊት ማለፍ አይቻልም ተባለና፣ ወደ አገር አቀፉ ሻምፒዮና ይጓዝ የነበረው የአትሌቲክስ ቡድን በአቅራቢያው ባለች ከተማ ትምህርት ቤት እንዲያድር ተደረገ። ለአንድ ሌሊት ነው ብለው ነበር። በማግስቱ ወደ አሶሳ የሚመልሰውም መንገድ ተዘጋ። ትምህርት ስላልነበረ አትሌቶቹ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው ፍራሽ ዘረጉ።

አሰልጣኛቸው አገኘሁሽ ነበረች። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችውም፣ ሩጫ የጀመረችውም አሶሳ ነው። ሯጭነቱ ሩቅ አላደረሳትም። ጉልበቷን ሲያማት «ቻይው» እያለ ያስሮጣት አሰልጣኝ ነበራትና፣ ጉልበቷ በዚያው ተበላሽቶ ቀረ። ያንን ሰው ክፉ ነበር ብላ አታውቅም።

ግቢው በቀርከሃ የታጠረ ጠባብ ግቢ ነው፤ ከበሩ መውጣት ደግሞ ተከልክሏል። አገኘሁሽ የልጆቹ ሰውነት እንዳይተሳሰር በማለዳ እየቀሰቀሰች በአጥሩ ጥግ ታዞራቸው ጀመር። ኩርባው አጭር ስለሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መዞር አንዱን እግር ይጎዳል፤ ስለዚህ በልምምዱ መሃል ታስቆማቸውና በተቃራኒው ታስጀምራቸዋለች። በመጀመሪያው ሰሞን «የአውድማ በሬ ሆንን» እያሉ ይስቁ ነበር። ሲሰነብቱ ሳቁ ጠፋ። ማታ ማታ እንኳ ጨዋታ ቀረ፤ ሁሉም ጆሮው የመኪና ድምፅ ላይ ነው።

ከመካከላቸው ዐርዋ የምትባል የሺህ አምስት መቶ ሜትር ሯጭ አለች፤ ከአሶሳ ወጣ ካለ የበርታ መንደር የመጣች። አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። አገኘሁሽም አርማት አታውቅም። በዚህ ሻምፒዮና ከተሳካላት አንድ የአዲስ አበባ ክለብ እንደሚወስዳት ተነግሯታል። የራሷ ክለብ ተስፋም እሷው ናት። ዘንድሮ ያለ ሜዳሊያ ከተመለሰ እንደሚፈርስ፣ የቡድን መሪው ገበየሁ ከበላዮቹ ሰምቷል።

አንድ ጠዋት በሶምሶማ ላይ ሳሉ ዐርዋ ግራ እግሯን መሬት ላይ ለማሳረፍ ስትሳሳ አገኘሁሽ አየቻት። አስቀመጠቻትና ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ እየተጫነች ወረደች። ጡንቻው ሲጫን ዝም ያለችው ልጅ፣ ጣቱ አጥንቱ ላይ አንዲት ቦታ ሲደርስ እግሯን ነጠቀች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ ደህና ነው፣ ኮች።»

አገኘሁሽ እግሯን መልሳ ያዘችው። ዐርዋ መሬት መሬቱን እያየች፣ ሕመሙ አሶሳም ትንሽ ትንሽ እንደነበረ፣ እዚህ ግን እንደባሰበት ተናገረች። አገኘሁሽ አጥንቱ ሳይሰነጠቅ አልቀረም ብላ ጠረጠረች፤ ግን ራጅ የለ፣ ሐኪም የለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐርዋ ተቀምጣ ሆድና ትከሻዋን ብቻ እንድታሠራ አደረገቻት።

ከዚያ መንገዱ ተከፈተ የሚል ወሬ መጣ። መኪኖች በአጀብ ያልፋሉ፤ ቡድኑም ለውድድሩ ይደርሳል። አትሌቶቹ እየዘለሉ ሻንጣቸውን ማሰናዳት ሲጀምሩ ገበየሁ አገኘሁሽን ገለል አድርጎ አነጋገራት። ለዐርዋ ማስታገሻ መርፌ እንደሚገኝ፣ ውድድሩ አንድ ቀን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ልጅቷ እንደልቧ ማረፍ እንደምትችል ነገራት። አልጮኸም፣ አላስፈራራትምም። ክለቡ ቢፈርስ ወዴት እንደሚሄዱ የማያውቁትን ልጆች ብቻ በየስማቸው ጠራላት። አገኘሁሽ ሁለቱን አመዛዘነች። ብትከለክል የእነዚያ እንጀራ፣ ብትፈቅድ የልጅቷ እግር። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ እሷ ግን መውጫ አልታያት አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ ዐርዋ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«ወላሂ እሮጣለሁ» አለች።

አገኘሁሽ አጥንቱ ቢሰበር ሌላ ሩጫ ላይኖር እንደሚችል አስረዳቻት። ዐርዋ እስክትጨርስ ሰማቻት።

«መንገድ የዘጋው ወታደር ነበረ» አለች። «አሁን ኬላው አንተ ነው።»

«አዎ» አለች አገኘሁሽ። «እኔ ነኝ።»

ዐርዋ ተነስታ ኋላ ወንበር ሄደች። አገኘሁሽ ውድድሩ የሚካሄድበት ከተማ ሲደርሱ ለገበየሁ ቁርጡን ነገረችው፤ እሷን ከሥራዋ አንስቶ ዐርዋን በሌላ አሰልጣኝ ሊያስሮጥ ይችላል፣ በእሷ እጅ ግን ልጅቷ አትሮጥም። ሌላ አሰልጣኝ አልነበረውም። የሺህ አምስት መቶው ማጣሪያ ሲሮጥ ዐርዋ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ ከተመልካች መሃል ተቀምጣ ነበር። ቡድኑ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰ።

ዐርዋ አሶሳ የተነሳችው ራጅ ቀጭን ስንጥቅ አሳየ። አገኘሁሽ፣ ልጅቷ ብትሮጥ ኖሮ አጥንቱ ይሰበር እንደሆነ ሐኪሙን ጠየቀችው። ሊሰበር ይችል ነበር አላት፤ ላይሰበርም ይችል ነበር። ይህች መልስ ከማንም ወቀሳ ይልቅ እንቅልፍ ነሳቻት።

ክለቡ እንደተባለው ፈረሰ። ከአትሌቶቹ አንዳንዶቹ አገኘሁሽን ገበያ ላይ ሲያገኟት መንገድ ይቀይራሉ። እሷም የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ኳስና መረብ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ተመድባ፣ ቀኑን ሙሉ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ትቀመጥ ጀመር። ማንም ዕቃ የሚጠይቃት የለም። አንዳንዴ ከስታዲየሙ ፉጨት ሲሰማ ሳታስበው ትነሳና መልሳ ትቀመጣለች።

የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ ዐርዋ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ሰላምታ አልሰጠችም።

«እኔ ከአንተ ጋር አልታረቀም» አለች። «ሐኪሙ ሩጪ አለ። እንዴት እንደሚጀመር አልነገረም።»

አገኘሁሽ ቁልፉን አንስታ ወጣች። ስታዲየሙ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ። የመሮጫው መም ላይ ሲደርሱ ዐርዋ ጫማዋን ማጥበቅ ጀመረች፤ አገኘሁሽ ዛሬ እርምጃ ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ አየቻትና መራመድ ጀመረች። አለቃዋ ዕቃ ቤቱን ተዘግቶ ካገኘው ነገ የሚጠብቃትን አገኘሁሽ ታውቃለች። ቢሆንም አጥሩ ሥር ተቀመጠችና ዙሩን መቁጠር ያዘች።