የተበሳው በር

ይመኙሽ ተንበርክካ ደሙን ስትፈገፍግ፣ ሳጅን አስናቀው የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ያጣድፋታል።

"ቶሎ በይ። አናጢው ሊመጣ ነው፤ በሩ ይቀየራል።"

"ልጄስ ሳጅን?"

"ክፍሉ ሲጸዳ አንዳርጋቸው ይፈታል። ያየሽውን ግን ከደሙ ጋር አጥበሽው ትወጫለሽ።"

ስልኩ ሲጠራ እያወራ በደረጃው ወረደ።

ሰው የሞተበትን ቤት ማጠብ ለይመኙሽ ብርቋ አይደለም፤ ፖሊሶች ሬሳ ባነሱ ቁጥር የሚጠሯት እሷን ነው። ከቁስቋም ሥር ባለው በዚህ ፔንሲዮን የሞተው ስማቸው የሚባል የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ ነው። በሩን ቆልፎ በገዛ ሽጉጡ ራሱን አጠፋ ተብሏል። እሷ ግን በሩን ልትወለውል ስትገፋው ሁለት ቀዳዳ አየች። በኮሪደሩ በኩል ጠባብ ናቸው፤ በውስጥ በኩል እንጨቱ ተሰንጥሮ ወደ ክፍሉ ተገንጥሏል። የተተኮሰው ከውጭ ነው። ለማን ትናገር? ልጇን ዛሬ ጧት ያለ ምክንያት ያሰረው ይኸው ሳጅን ነው። ጨርቋን ጨመቀች።

በጓሮው ደረጃ ጥቁር የለበሰች ሴት ወጣች።

"የስማቸው እህት ነኝ፤ ታየች እባላለሁ። የሞተበትን ልይ ብዬ ነው።"

"ተመለሽ እህቴ። ሳጅኑ ታች ነው።"

"ወዴት ልመለስ? ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም አሉን ካህናቱ። እናቴ እህል አልቀመሰችም። ወንድሜ ሸጋ ሰው ነበር። ጭነቴን ይዘው ጉቦ የጠየቁኝን ፖሊሶች እከሳለሁ ብሎ ነው የመጣው። ምነው ታዲያ ራሱን ይገድላል?"

ይመኙሽ የልጇ ፊት ድቅን አለባት። ብትናገር አንዳርጋቸው ምን እንደሚገጥመው ታውቃለች። ዝም ብትል ደግሞ የዚህች ሴት እናት ልጇን ያለ ጸሎት ትቀብራለች።

ከታች የሳጅኑ ድምፅ ተሰማ። "ና፣ በሩ ፎቅ ላይ ነው" ይላል፣ ለአናጢው።

"ስልክሽ ፎቶ ያነሳል?" አለች ይመኙሽ።

"ያነሳል።"

"በሩን በሁለቱም በኩል አንሺው። ቶሎ።"

ታየች ቀዳዳዎቹን ስታይ በጣቷ ዳሰሰቻቸው፤ በሁለቱም በኩል አነሳች። የሁለት ሰው ኮቴ ደረጃውን ይወጣ ጀመር።

"በጓሮው ልሂድ" አለች።

"ቆዪ። የሌላ ቤት በር ነው ይሉሻል። ይህን ክፍል ማን እንዳጠበ ግን ራሳቸው ያውቃሉ።" ይመኙሽ አፍና አፍንጫዋን የሸፈነችበትን ሻሽ ወደ አንገቷ አወረደችና ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ቆመች። "አሁን እኔንም ጨምረሽ አንሺ።"