የጥቁሩ ዓሣ ቆዳ

አረጋ ከአሰብ ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ቢላዋና ማለቂያ የሌለው የባሕር ወሬ ነበር። ፍራሹን ጋሸና ላይ ዝናብ አበሰበሰበት፤ ቢላዋውን ሚስቱ ስሜነሽ ለሽንኩርት ወሰደችው፤ ወሬውን ግን የሚቀማው አልተገኘም። የሁለቱ አገሮች ጦርነት ወደቡን ዘግቶ ሠራተኛውን ወደየትውልድ ቀዬው ሲበትን፣ እሱም ላሊበላ ዳር ወዳለው የአባቱ ቤት ገባ። የላስታ ሰው ባሕርን የሚያውቀው ሙሴ ሲከፍለው ነው፤ ጀልባ ላይ የሠራ ሰው መንደሩ ውስጥ ሲገኝ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይሰማው ጀመር። አረጋም ይህን አልጠላውም።

ስሜነሽም ወሬውን አልጠላችውም። የምትፈራው ወሬው ሲያልቅ የሚመጣውን ዝምታ ነበር። ያን ጊዜ ባሏ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይቀመጣል፤ ብትጠራውም ቶሎ አይሰማት። ያን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ስታርስና ስታሳርስ ኖራ፣ መጣልኝ ያለችው ሰው ልቡ ገና መንገድ ላይ መሆኑን ማየት አንገበገባት። ስለዚህ አሰበችና መላ አገኘች፤ አብረው ሊቆርቡ። በሰማንያ የተጋባ ይፋታል፤ በሥጋ ወደሙ የተጣመረ ግን አንዱ አንዱን ጥሎ አይሄድም።

ለአረጋ ስትነግረው "እሺ" አለ። ሳይጠይቅ፣ ሳያንገራግር፣ በቃ እሺ። እሷም ደስ ብሏት ለሁለቱ የቁርባን ነጠላ የሚሆን ፈትል መፍተል ጀመረች።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልደ ሰንበት ሊያዘጋጇቸው መጡ። መምሬ ደግና ጠያቂ ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር ጠይቀው መልሱ ካማራቸው የመጡበትን ይረሳሉ። ባልና ሚስቱን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ስለ ጾሙ፣ ስለ ጸሎቱ፣ ከሰው ስለ መጣላቱ መረመሩና አሰብ ደረሱ።

"እዚያ በረሃ ምን ትበላ ነበር ልጄ?"

"ዓሣ ነዋ መምሬ። ሌላ ምን ይገኛልና?"

"በጾሙ ስሙን ማንሣቱም ባይገባ፣ ዓሣስ ይበላል። መጽሐፉ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ይላል። የምን ዓሣ ነበር?"

አረጋ ተስተካክሎ ተቀመጠ። "ጥቁሩን! አንዳንድ የወደብ ሰው ኮቢያ ይለዋል። እኔና ሑመድ ግን ጥቁሩ ነበር የምንለው።"

ሑመድ የጀልባው ባለቤት የሆነ አፋር ነው። አረጋ ቀን ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል፤ ጎሕ ሲቀድ ግን ከሑመድ ጋር ባሕር ላይ ነበር። ጥቁሩ ዓሣ ረጅምና ወፍራም፣ ጭንቅላቱ ጠፍጠፍ ያለ፣ ጎኑ ላይ ነጣ ያለ መስመር ያለው ነው። ከሩቅ ክንፉን ያየ ሁሉ ሰው በሊታው ሻርክ መጣ ብሎ ይሸሻል። ሆዱ ሲቀደድ ሸርጣን ብቻ ነው የሚገኝበት።

"የት ይገኛል ታዲያ?" አሉ መምሬ።

"ጥላ ይወዳል መምሬ። ለመርከብ ምልክት በሰንሰለት የታሰሩ ትልልቅ በርሜሎች አሉ፤ ከእነሱ ሥር ይቆማል። አንዳንዴ ደግሞ ሰሌን የመሰለ ሰፊ ዓሣ ሲያልፍ፣ እሱ ከሥር ከሥሩ ይሄዳል። ስለዚህ ጥቁሩን አይፈልጉም፤ ሰሌኑን ነው የሚፈልጉት።"

"ብልህ ነገር ነው። እሺ፣ ሰሌኑን አገኘህ።"

"ሞተሩን አጠፋለሁ። ትንሽ ዓሣ ከነነፍሱ መንጠቆው ላይ አድርጌ እወረውራለሁ፤ ራሱ ላይ አይደለም፣ ይሸሻል። ፊት ለፊቱ አሳልፌ እጥልና በዓይኑ ሥር እጎትታለሁ። ነገሩን ማየት የሚወድ ፍጡር ነው፤ ጀልባውን መታ መታ ሲያደርጉለት እንኳ ምንድን ነው ብሎ ይመጣል።"

መምሬ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወደ ፊት ዘንበል አሉ። እኔን የሚገርመኝ፣ እዚያ ቤት ውስጥ መንጠቆው የያዘው ዓሣ ብቻ አልነበረም።

"ያዘልህ እንበል። ከዚያስ? ትጎትታለህ!"

"እሱ ላይ ነው ሞኝ የሚጠፋው መምሬ! መጀመሪያ ሲያዝ ዝም ብሎ ይመጣል። አይታገልም፣ አያንገራግርም፣ እስከ ጀልባው ድረስ ጸጥ ብሎ ይከተላል። አዲስ ሰው እሰይ ብሎ ያወጣዋል። ጀልባ ውስጥ ሲገባ ነው ጉዱ፤ ፋኖሱን ይሰብራል፣ መቅዘፊያውን ይሰብራል፣ የሑመድን የእግር ጣት ሰብሮታል። እያስቆጡት ውኃው ውስጥ ነው መታገል ያለበት። ሲባጎውን ሳይለቁ፣ ሳይጎትቱም፣ ሮጦ ሮጦ እስኪደክመው መቆየት ነው። ያልደከመ ዓሣ ጀልባ አይገባም።"

ስሜነሽ እንዝርቷን እያሾረች ሰማች።

መምሬ ረክተው ወደ ኋላ ተደገፉና ጥያቄያቸው ትዝ አላቸው። "ቅርፊቱስ? ምን ዓይነት ነው?"

"ቅርፊት እንኳ የለውም፤ ቆዳው እንደ ቅል ልሙጥ ነው" አለ አረጋ፣ አሁንም በወሬው ሙቀት።

የመምሬ ፊት ጠቆረ። ቅርፊት የሌለው በመጽሐፉ ርኩስ ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ ዓመታት ሙሉ በልቶታል። ተከዙና እያዘኑ ፈረዱ፤ ዓመት ይሰግዳል፣ ይጾማል፤ ቁርባኑም ለከርሞ ይሆናል። "አይዞሽ ልጄ" አሏት ስሜነሽን ሲወጡ።

አሁን እውነቱን ልናገር። ጥቁሩ ዓሣ ቅርፊት አለው። ደቃቅ ነው፣ ወፍራም ቆዳው ውስጥ ተቀብሯል፤ ርጥቡን የዳሰሰው ሰው የለም ይላል። አረጋ ግን ያውቅ ነበር፤ ሑመድ አንዱን ቆዳ አድርቆ፣ በጥፍሩ ጭሮ፣ ቅርፊቱን መዳፉ ላይ አሳይቶታል። በዚያው ቆዳ የቢላዋውን እጀታ ጠቅልሎ የሰጠውም እሱ ነው። ቢላዋው በዚያች ሰዓት ጓዳ ውስጥ ከሽንኩርቱ አጠገብ ተቀምጧል። "ስሜነሽ፣ እስኪ ያን ቢላዋ አምጪው" ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር።

አላለም። ከአፉ ያመለጠው ሳያስብ ነው፤ ያልመለሰው ግን አስቦ ነው። "ለከርሞ" የሚለውን ሲሰማ ደረቱ ቀለል አለው፤ በመቅለሉም አፈረ። ከሳምንታት በፊት፣ ላሊበላ የእርዳታ እህል የሚያራግፈው ሾፌር ደሳለ መልእክት አምጥቶለት ነበር፤ "ሑመድ ጅቡቲ ገብቷል። ጀልባውም አብሮት አለ። ና ብሎሃል።" የቆረበ ሰው ሚስቱን ጥሎ ጅቡቲ አይገባም። ያልቆረበ ግን ማን ያዘው?

ፋሲካ አለፈ። ደሳለ እህሉን አራግፎ እንደሚመለስ በተሰማበት ጠዋት አረጋ ጥቂት ልብሱን በጨርቅ ቋጠረ። ለስሜነሽ ወልድያ ድረስ ደርሼ ልምጣ ሊላት ነው። ቢላዋውን ሊፈልግ ጓዳ ገብቶ ሲያጣው ተመለሰ። ቢላዋው ቋጠሮው ላይ ተቀምጧል። የእጀታው ቆዳ ተፈትቷል፤ አጠገቡ ትንሽ ሣህን ውስጥ እንደ ጤፍ ገለባ የደቀቀ ነገር ያብረቀርቃል።

ስሜነሽ በሩ ላይ ቆማለች። "ቅርፊት አለው" አለች።

"አውቃለሁ" አለ።

"እኔም አውቃለሁ። መምሬ የመጡ ዕለት ማታ ቆሽሾ ሳጥበው ቅርፊቱ ጣቴ ላይ ቀረ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም? አንቺ አይደለሽ ቁርባኑን የፈለግሽው?"

"እንቁረብ ስልህ ዝም ብለህ እሺ አልከኝ። እኔም እሰይ ብዬ ተቀበልኩ" አለች። ዓይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም። "ያልደከመ ዓሣ ጀልባ አይገባም ብለህ የለም? ሂድ። ፈትሉን ለሸማኔ አልሰጥም፤ አልጥለውምም።"

እና ሄደ። ይህን የሚሰሙ ሰዎች እዚህ ላይ አረጋ አልቅሶ ይቀራል ብለው ይጠብቃሉ፤ አልቀረም፣ ተናድዶ ሄደ። ጋሸና ደርሶ ከደሳለ ጋር ሽሮ በላ። ደሳለ ጥሩንባውን ሲነፋ ተነሣ፣ መኪናው በር ድረስ ሄደ፣ እጀታውን ያዘ። ከዚያ ቋጠሮውን አውርዶ ወደ ላሊበላ የሚሄድ መኪና ጠበቀ።

ቤት ሲገባ አሁን ነገሩ ያለቀ መስሎት "ይኸው መጣሁ፤ ለመምሬ እነግራቸዋለሁ" አላት።

"ገና ነው" አለች፤ እህሏን ማበጠሯንም አላቆመች።

ያ ዓመት ለሁለቱም ከባድ ነበር። አረጋ ከበሬውም ከጎረቤቱም ተጣላ፤ ሞፈር ሰበረ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ጋሸና ድረስ ሄደና አፍሮ ተመለሰ። አንድ ቀን እንዲያውም "ለምን አስረሽ አታስቀምጪኝም!" ብሎ ጮኸባት። እሷም ማታ ማታ ብቻዋን ታለቅስ ነበር፤ ጠዋት ግን እህሉን ታቀርብለታለች፣ ሂድም ቅርም አትለውም። መምሬ ያዘዙትን ስግደት ግን አረጋ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አንድ ቀን አላስታጎለም።

በተከታዩ ዐቢይ ጾም ደሳለ ደጃቸው ላይ መኪናውን አቁሞ ጥሩንባ ነፋ። አረጋ የተነቃነቀ የካብ ድንጋይ እየመለሰ ነበር። ቀና አለና "ሑመድን ሰላም በልልኝ! ጣቱ ዳነ ወይ በልልኝ!" ብሎ ተጣርቶ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ደሳለ ከሄደ በኋላም ወደ ምሥራቅ አላየም፤ ድንጋዩ አልገጥም ብሎት እየተራገመ ነበር።

ስሜነሽ ይህን ከቤት ሆና አየች። ፈትሉን ከሙዳዩ አውጥታ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ በአጠገቡ አለፈች።

"ወዴት ነው?"

"ሸማኔ ጋ።"

አረጋ እጁን ታጠበ። ጓዳ ገብቶ ቢላዋውንና የተፈታውን ቆዳ ወሰደና መምሬ ወልደ ሰንበት ቤት ሄደ። መምሬ ቆዳውን ወደ ብርሃን አወጡት፣ በጥፍራቸው ጫሩት፣ መዳፋቸው ላይ የቀረውን ደቃቅ ቅርፊት ደጋግመው አዩት።

"ኧረ እግዚኦ!" አሉ በመጨረሻ። "ይህን እያወቅህ ነው ዓመት ሙሉ የሰገድኸው? ምንም ሳይኖርብህ?"

"ነበረብኝ፣ መምሬ" አለ አረጋ።