የጋሼ ስንዝር

ሴንቲ ያን ዕለት መቀመጥ አልሆነላትም። ወንበሩ ላይ አረፍ ትልና እሾህ እንደወጋት ብድግ ትላለች። መስኮቱ ዘንድ ሄዳ ሐይቁን ታያለች፤ ተመልሳ መዝገቡን ትገልጣለች፤ መልሳ ትዘጋዋለች። ልቧ አላርፍ ብሏል።

ሴንቲ የእናት የአባት ስሟ እንዳይመስላችሁ። ያወጡላት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። ሥራዋ ከየቅርጫቱ ዓሣ እያነሳች ከአፉ እስከ ጅራቱ መለካትና መመዝገብ ነው። ስሙ ከመለመዱ የተነሳ እናቷ ራሷ አንድ ቀን ተሳስታ ጠርታታለች።

ሐይቁ ስሙ ብቻ ነው ትልቅ። ግማሽ ሰዓት በእግር ቢገቡበት ውሃው ከወገብ አያልፍም፤ ነፋስ በተነሳ ቁጥር የሥሩ ጭቃ ይገለበጥና ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ዓሣ ወዴት ይሸሻል? መደበቂያውም መራቢያውም ዳር ዳሩን የበቀለው ሸምበቆ ነው። ስለዚህ ሕግ ወጣ፤ የዓመቱ ዓሣ ርዝመት በአማካይ ከሃያ ሴንቲ በታች ከወረደ፣ በመራቢያው ወቅት አራት ወር ሙሉ ሸምበቆው ውስጥ መረብ አይጣልም። ከሃያ በላይ ከሆነ ሁሉም እንደልቡ። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ፤ የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የሴንቲን ቁጥር ያነባል። ቁጥሩ ሃያ አንድ ነው። ታዲያ ምን ያንቆራጥጣታል?

ያንቆራጠጠቻት ጠዋት የለካቻት አንዲት ዓሣ ናት። ገና ለጋ ናት፤ ሆዷን ጫን ስታደርጋት ግን እንቁላሏ ጣቷ ላይ ፈሰሰ። «ኧረ በሕግ! አንቺ ራስሽ መች አደግሽና!» አለች ሴንቲ ጮክ ብላ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ያሉ አጋጥመዋታል። ዓሣ መረብ ሲበዛበት ሳያድግ ለመራባት ይጣደፋል፤ ይህን እሷ አሳምራ ታውቃለች። መዝገቡ ግን ሁሉም ደህና ነው ይላል።

«ስንት ሆነ?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ታላቅ ወንድሟ ነው፤ የአጥማጆቹ ማኅበር ሊቀመንበር። እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን በግራው ያሻል። እጄ አብጧል ማለት ከጀመረ ዓመት ሆነው። ሐኪም ቤት ሄዶ «ምንም የለህም» ሲሉት ሐኪሞቹን እያማ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ትንሽ የቅባት ጠርሙስ ከኪሱ አይለይም።

«ሃያ አንድ ነው፣ ጋሼ።»

«እሰይ የእኔ እህት! እነዚያ ሐሜተኞች ዓሣው አነሰ አነሰ ሲሉብኝ፣ ‹የእህቴ ቁጥር አይዋሽም› ብዬ አፋቸውን አስዘጋኋቸው።»

«እጅህስ?»

«ተዪው፣ ብሶበታል።» ቅባቱን ጠብ አድርጎ እያሸ ወጣ።

ሴንቲ እጇን ሥራ ለማስያዝ ያህል መለኪያ ሰሌዳውን አነሳች። ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ጣውላ ነው፤ ጫፉ ላይ የዓሣው አፍ የሚደገፍበት ቁራጭ እንጨት ተመትቶበታል። እንጨቱ ሥር የዓመታት ቅርፊትና ጭቃ ተጋግሯል። በጥፍሯ ትፍቀው ጀመር። ቅርፊቱ ተነሳ። ከእንጨቱ ሥር ብቅ ያለው ቁጥር ዜሮ አልነበረም። ሁለት ነበር።

ክው አለች።

ከሦስት ዓመት በፊት የድሮው መደገፊያ ተሰብሮ ነበር። ያን ጊዜ ጋሼ ዳር ላይ ጀልባውን ሲጠግን ነበርና ከተረፈው ጣውላ ወፍራም ቁራጭ ቆርጦ በጀልባ ምስማር መታላት። «አሁን ዝሆን ቢጋደምበት አይነቃነቅም» አለ። እሷም «እጅህ ይባረክ» ብላ ያኔውኑ መለካቷን ቀጠለች። ለካ ወፍራሙ እንጨት የመጀመሪያውን ሁለት ሴንቲ ውጦታል፤ እያንዳንዱ ዓሣ መዝገቡ ላይ በሁለት ሴንቲ ረዝሟል። ያን ዓመት ዓሣው አደገ ተብሎ ተጨበጨበ። ጋሼም በዚያው ጭብጨባ ሊቀመንበር ሆነ።

ዓይኗን ማመን አቃታት። ሰሌዳው ሃያ አንድ ያላትን አንዲት ዓሣ ላስቲክ ውስጥ ከታ ወደ ጋሼ ቤት ሮጠች። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሲንጀሯ ላይ አቀርቅራ አገኘቻት።

«እትዬ፣ ሜትርሽን ቶሎ!»

«ደግሞ ለዓሣም ቀሚስ ልስፋ?» አለች እትዬ ላስቲኩን አይታ። የሴንቲን ፊት ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አነጠፉ። ዓሣዋ በሜትሩ አሥራ ዘጠኝ ሆነች። ደገሙት። አሥራ ዘጠኝ።

ሴንቲ ነገሩን እየተንተባተበች አስረዳቻት። እትዬ እጇን ለቀም አደረገቻት።

«ዝም በይ! እንጨቱን ማን መታው ብለው ይጠይቃሉ። ሊቀመንበሩ ነው ሲባል፣ ተሳስቶ ነው የሚል የሚገኝ ይመስልሻል? ባሌን ሌባ አሰኝተሽ በቁሙ ልትገድዪው ነው?»

«ዝም ካልኩ ሸምበቆው ውስጥ የቀረችው ዓሣም ታልቃለች፣ እትዬ። ሁለት ዓመት አትቆይም። ያኔ መረቡን ምን ላይ ይጥለዋል?»

እትዬ ሲንጀሩን አንዴ በባዶው አንቀሳቀሰችና ተወችው።

«እኔ ነኝ የመታሁት እላለሁ» አለች ሴንቲ። «ከሥራ ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ። ስሙን አላነሳም።»

እትዬ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የላስቲክ ወንበሮቹ ስላልበቁ ግማሹ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንጓጓዋል። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠርጎ «የዘንድሮው አማካይ ሃያ አንድ...» ሲል ሴንቲ ብድግ አለች።

«አሥራ ዘጠኝ ነው» አለች። ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ሜትሩን ከጎኑ ዘረጋች፤ የተዋጠውን ሁለት ሴንቲ አሳየች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ያነበብኩላችሁ ስህተት ነው።»

ጉድ ፈላ! አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ወንበር ይገፋል። «እንጨቱን የመታው ማነው?» አለ ኃላፊው።

«እኔ ነኝ።»

«ኧረ ተዪ!» አለ ጋሼ ከፊት ወንበር እየተነሳ። «እሷ መዶሻ ይዛ ያየ አለ? ግድግዳ ላይ ፎቶ እሰቅላለሁ ብላ አውራ ጣቷን ያፈረጠች ሴት ናት!» ጥቂቶች ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። «ምስማሩ የጀልባዬ ነው። የመታሁት እኔ ነኝ።»

«ሌባ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ሴንቲ ዓይኗን ጨፈነች። ጋሼ በዚህ ቃል ከሰው ሊደባደብ የሚችል ነው። ዛሬ ግን የሰማም አይመስል። ዓይኑ ሜትሩ ላይ ተተክሏል። ቀረብ ብሎ ቀኝ እጁን ሜትሩ ላይ አኖረ፤ አውራ ጣቱን ዜሮው ላይ አድርጎ ትንሿን ጣቱን እስከምትደርስበት ለጠጣት። ስንዝሩ ሃያ አንድ ላይ አረፈ።

«ያው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጥንትም ሃያ አንድ የነበረው የድሮው ስንዝሬ ነው።»

እጁን ከሜትሩ ሳያነሳ ወደ ሰዉ ዞረ።

«ሌባ በሉኝ፣ መብታችሁ ነው» አለ። «እኔ ግን ዓመት ሙሉ፣ ሰሌዳው ሃያ አንድ ያለው ዓሣ ከስንዝሬ አንድ ጣት ሲያንስብኝ ነበር። እህቴ ትሳሳታለች ብዬ እንዴት ላስብ? እጄ ያበጠ መሰለኝ። ሐኪም ቤት ሄድኩ እኮ!»

የሳቀ የለም። ከኋላ የጮኸውም ሰው አንገቱን ደፋ።

«ሸምበቆው ይዘጋ» አለ ጋሼ፣ ያንኑ እጁን እያነሳ። ሌሎች እጆች እያመነቱ ተከተሉት፤ የሴንቲ ዓይን እንባ ሞልቶ ስለነበር መቁጠር አልቻለችም። ሸምበቆው ተዘጋ። ሊቀመንበርነቱንም በዚያው ስብሰባ ለሌላ ሰጡት።

ሲወጡ ነፋሱ አልበረደም፤ ውሃው ደፍርሷል። ሃምሳ ጀልባ ዳር ላይ ተደርድሯል፤ የጋሼም እዚያው መሐል ነው። ሴንቲ ይቅርታ ልትለው ፈልጋ አንዴ ትቀድመዋለች፣ አንዴ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ መሐረቧን ታጥፋለች ትዘረጋለች። ጋሼ ቆም ብሎ ከኪሱ የቅባቱን ጠርሙስ አወጣ።

«እንኪ፣ እግርሽን እሺበት» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። እኔስ ደህና ነኝ።»