«አዘምሟል፤ አጥፊው»

በፎቶ ማኅበሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ውኃልክ» ነበር የሚሉት። መነጽር ቤት ውስጥ መስታወት የሚሞርድ፣ አርባን ትንሽ ያለፈ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለሌላ ሰው ዓይን የማይታይ ጭረት ሲለቅም ይሰነብትና፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሰው ፎቶ ላይ ስህተት ሊለቅም ይመጣል። ፎቶው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ገና እንደበራ አንገቱን ሰበር አድርጎ «አዘምሟል» ይላል። ግንበኛ ግድግዳ የሚለካበትን ዕቃ ስም ያወጡለት ለዚሁ ነበር። እሱም ስሙን እንደ ሹመት ቆጥሮት ነበር።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ወንበሮቿ እርስ በርስ በማይመሳሰሉባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አሥር አሥራ አንድ ቢሆኑ ነው፤ አንዷ ነርስ፣ አንዱ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የቀሩት አብዛኞቹ ጡረተኞች። የሚመሯቸውም ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ናቸው። ደንባቸው አጭር ነው፦ መጀመሪያ የምታዩትን ተናገሩ፤ ቀጥሎ ያማረውን፤ መጨረሻ ላይ እናንተ ብትሆኑ የምትለውጡትን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ። ባለፎቶው ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ትንፍሽ አይልም። «ፎቶውን እንጂ ሰውየውን እንዳትነኩብኝ» ይላሉ መምህርቷ። ውኃልክ ግን ሁልጊዜ የሚቸኩለው ወደ መጨረሻው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ተራው የእሱ ሆነ። ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ተመላልሶ ያነሳትን የጀንበር መጥለቂያ አሳየ። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቀለሙ ጥርት ያለ ነው። ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠራረገና «ንጹሕ ነው» አለ። ነርሷም ትንሽ አስባ «አዎ፣ ንጹሕ ነው» አለች። ከዚያ ሌላ የሚናገር ጠፋ።

መምህርቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ልጄ፣ አትቀየመኝና፣ ይሄን ቀን መቁጠሪያ ላይ ባገኘው አልገረምም። መልኩን እያየሁ ነው፤ አንተን ግን አጣሁህ። ምን አይተህ ነው እዚያ የቆምከው?»

ውኃልክ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ከጥርሱ አላለፈም። በዚያ ክፍል ስንቱን ሲያሳፍር ከርሞ የእሱ ተራ ሲደርስ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ቀጣዩን ሳምንት ካሜራውን እያነሳ መልሶ ሲያስቀምጥ ሰነበተ። ያየው ሁሉ ቀን መቁጠሪያ መሰለው። ዓርብ ሲመጣ እጁ ባዶ ነበር። ባዶ እጁን መሄድ ደግሞ ሞቱ ነው፤ «አኮረፈ» ይሉታል። ኮምፒውተሩን ከፍቶ የድሮ ፎቶዎቹን ሲበረብር የእኅቱ ፎቶዎች ላይ ደረሰ።

እኅቱ አሥር ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ አፍንጫውን የጠረገችው፣ ፊደል ያስቆጠረችው፣ ሙያ እስኪይዝ ድረስ ያቆመችው እሷ ናት። «እታለም» ነው የሚላት። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ የምትኖረውም እሱ በሚኖርበት ሕንፃ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ነው። ስልኳ በሞላ ቁጥር ፎቶዎቿን ወደ ኮምፒውተሩ የሚገለብጥላት እሱ ነበር።

የዛሬ ዓመት ገደማ፣ እሷ ቤት ምሳ እየበላ፣ ስልኳን በልብሷ ጠረግ ጠረግ አድርጋ አቀበለችው።

«እስቲ ይሄን እየው። አንተ ታውቅበት የለ?»

የአንሶላ ማድረቂያው ክፍል ነው። እርጥብ አንሶላዎች ገመዱን ወደ አንድ ጎን አጉብጠውታል። ከላይ ካለው መስኮት ብርሃን ይወርዳል፤ ከአንዱ አንሶላ ጀርባ የሴት ጥላ ቆሟል፤ ከሴትየዋ የሚታየው አንሶላውን ከላይ የጨበጡት ሁለት እጆቿ ብቻ ናቸው። ውኃልክ ሹካውን እንኳ አላስቀመጠም።

«አዘምሟል። ደግሞ ፊቷ የታለ? አጥፊው እታለም፤ ሜሞሪ ነው የሚበላብሽ።»

«እኔስ ምኑን አውቄው!» ብላ ሳቀች፤ ስልኩንም ኪሷ ከተተች።

አሁን ያችው ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሞልታ ተከፈተች። ውኃልክ ረጅም ጊዜ አያት። እንደ ልማዱ ሊያቃናት ሞከረ፤ ስትቃና አንሶላዎቹ ክብደታቸውን አጡ፤ ወረቀት መሰሉ። መልሶ እንደነበረች አደረጋት። ከዚያም ለመምህርቷ ላካት። የማን እንደሆነች አልጻፈም። ለራሱም «የእኔ ናት አላልኩም እኮ» አለ።

ቅዳሜ ፎቶዋ ስትበራ ነርሷ «ውይ!» አለች። «ሃያ ዓመት ሙሉ አንሶላ ሳነጥፍ ሰው እንደሚያሰጣው አስቤ አላውቅም።» አንዱ ስለ ብርሃኑ፣ ሌላው ስለ ጥላው አወራ። መምህርቷ በደስታ ወንበራቸው ላይ መቀመጥ አቃታቸው።

«አሁን አየሁህ! አንድ ነገር ብቻ፦ ግራ በኩል ያለችው ባለጎማ ጋሪ ዓይን ትሰርቃለች። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ብትል ትወጣልህ ነበር። ተመልሰህ ማንሳት ትችላለህ? በሚመጣው ወር ላይኛው አዳራሽ ለምናደርገው ዐውደ ርዕይ እሰቅላታለሁ።»

«እችላለሁ» አለ።

«እንዴት አገኘሃት?» አለ ሹፌሩ።

«ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ ጠበቅኩ።» ውሸቱ ሳያስበው ነው ያመለጠው፤ የሚመልስበት መንገድ ግን አልነበረም። ያ ሁሉ ምስጋና ደረጃውን ወጥቶ መንገድ ላይ እስኪደርስ ድረስ ጣፈጠው። ከዚያ በኋላ መረረው።

በማግሥቱ እኅቱ ዘንድ ወረደ።

«እታለም፣ ያቺን የአንሶላዋን ፎቶ ደግመሽ ታነሺልኛለሽ?»

«የቷን? አጥፊው ያልከኝን?»

«ቆይቼ ሳያት ጥሩ ናት። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ በይና ጋሪዋን አስወጫት።»

የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች። «ጥሩ ናት? ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

«እኔኮ ከዚያ ወዲህ አንስቼ አላውቅም» አለችና፣ ሃምሳ ያለፋት ሴትዮ እንደ ልጃገረድ አፏን በመዳፏ ከደነች። «አንተ ካልክማ ልክ ነው ብዬ።»

ፎቶው የሰረቀው፣ ምክሩም የሰረቀው ነበር፤ እሷ ግን የምታመሰግነው እሱን ነው።

ሐሙስ ዕለት አዲሱን ላከችለት። ጋሪዋ የለችም። ማንም ሳይነግራት በርከክ ብላ ነው ያነሳችው፤ እጆቹ ከፍ ብለዋል። ቅዳሜ መምህርቷ የድሮውንና አዲሱን ጎን ለጎን አበሩ። ሰዉ ገና ማየት ሲጀምር በሩ ተንኳኳ።

እኅቱ ነበረች። ከሥራ መውጣቷ ነው፤ ፀጉሯን በሻሽ እንዳሰረች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ማንን ፈልገሽ ነው እኅቴ?» አሉ መምህርቷ።

«ወንድሜን። እዚህ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እስቲ ምን እንደምትሉ ልስማ ብዬ…» ዓይኗ ግድግዳው ላይ ዐረፈ። ፊቷ በራ።

«ታዲያ ዕድለኛ ነሽ፤ በወንድምሽ ሥራ ደረስሽ! እንዲህ ያለ ፎቶ እዚህ ክፍል ገብቶ አያውቅም።»

እኅቱ ወደ ውኃልክ ዞረች። እሱ መሬት መሬት ያያል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ድምፅዋን ሰማ፤ ሕፃን ሆኖ የጎረቤት መስኮት የሰበረ ጊዜ «እኔ ነኝ» ያለችበት ድምፅ ነበር።

«አዎ» አለች። «እኛ ዘንድ መጥቶ ነው ያነሳው።»

መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። የእንፋሎትና የሳሙና ሽታዋ ደረሰው። ሊያያት አልደፈረም። ውይይቱ ቀጠለ።

ሹፌሩ እጁን አወጣ። «እኔ አንድ ቅር የሚለኝ አለ። ያነሳው ሰው ሴትዮዋን የሚያውቃት አይመስለኝም። እጇን ብቻ ወስዶ ሄደ። ሰውነቷ ግድ ያልሰጠው ይመስላል።»

«እንዴት አያውቃት!» እኅቱ ከወንበሯ ብድግ አለች። «የድሮው፣ መተኮሻው እጇን አቃጥሏት ሦስት ወር ተኝታ የተመለሰችበት ቀን ነው እኮ! መጀመሪያ ያነሳችው አንሶላ ነው። ጋሪዋም የሷ ናት፤ መሸከም ስላልቻለች እየገፋች ያመጣችባት። እሷው ናት እጄን አንሺልኝ ያለችኝ። ለዚህ ነው እጇን ብቻ ያነሳሁ…» ምላሷን ነከሰች። «ያነሳው።»

ከዚያ በኋላ ያልገባው ሰው አልነበረም። ነርሷ አንገቷን ደፋች። መምህርቷም ወደ ውኃልክ ዞረው ጠበቁት። ያ መጠበቅ ከስድብ ይከፋ ነበር።

«እኔ አላነሳሁትም» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ሁለቱንም ያነሳችው እኅቴ ናት። የመጀመሪያውን ስታሳየኝ አጥፊው ብያት ነበር። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ ያልኩትም ውሸት ነው።»

ከዚያ መምህርቷ ወደ እኅቱ ዞሩ። «እኔም ጋሪዋን አስወጪ ማለቴ ስህተት ነበር። ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩት። ፈቃድሽ ከሆነ፣ ጓደኛሽም ከፈቀደች፣ የምሰቅለው የመጀመሪያውን ነው፤ በስምሽ።»

ወደ ቤት ሲሄዱ ሁለት ፌርማታ ያህል ተራመዱ። የትራፊክ መብራቱ ጋ ሲደርሱ እኅቱ ቆመች።

«ሸፍኜልህ ነበር። ለምን ገለጥከው? ሰው ፊት ውሸታም አደረግከኝ።»

«ይቅርታ እታለም። ፎቶሽን…»

«ፎቶውን ተወው! ብትጠይቀኝ እሰጥህ አልነበር? አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ አጥፊው ስትለኝ አይተኸው ነበር?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «አላየሁትም» አለ። «መዝመሙን ብቻ ነው ያየሁት።»

እኅቱ ራሷን ነቀነቀች። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችና ቀድማው ሄደች።

ውኃልክ ሦስት ቅዳሜ ከማኅበሩ ቀረ። መነጽር ቤት ውስጥ ሥራውን እየሠራ እኅቱ «አዎ» ያለችበት ድምፅ ትዝ ሲለው ብቻውን ይቀላ ነበር። በአራተኛው መምህርቷ ደወሉለት። «ወንበርህ ባዶ ነው። ማፈር ይበቃል፤ መጥተህ ስማ» አሉት። ሄደ፤ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እኅቱ ፊት ለፊት፣ ከነርሷ አጠገብ ነበረች፤ አባል ሆናለች። አዲስ መጤ አንድ ልጅ የውሻውን ፎቶ ሲያሳይ ሁሉም ወደ ውኃልክ ዞሩ። እሱ ግን «ገና እያየሁ ነው» አለ።

ዐውደ ርዕዩ ሲከፈት የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች በሙሉ መጡ። የእጆቹ ባለቤት ሴትዮ ፎቶዋ ፊት ቆማ እጇን ፎቶው ላይ ካለው እጇ ጋር ስታስተያይ ቆየች። ከዚያ ውኃልክን አየችውና፣ «እኛ ክፍል መጥቶ አንድ ሰዓት ቆሞ የጠበቀው አንተ ነህ?» አለችው። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እሱም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ «እኔ ነኝ» ብሎ አንገቱን ደፋ። እኅቱ አልሳቀችም፤ አላዳነችውም።

አሁን ዘወትር እሑድ አብረው ይበላሉ፤ ትጫወታለች፣ ትቀልዳለች፣ እንደ ድሮው ሳህኑን ትሞላለታለች። ስልኳ ሲሞላ ግን ፎቶዎቿን የምትገለብጥላት ነርሷ ናት። ባለፈው ሳምንት መስኮቱ ጋ ቆማ አንድ አዲስ ፎቶ እያየች ፈገግ ስትል አያት።

«ልየው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ቆይ» አለች፣ ስልኩን ወደ ደረቷ እያስጠጋች። «ገና አይቼ አልጨረስኩትም።»